ያልታመምኩት ሕመም

ወናጎ ከሚኒባስ ወርጄ የልብስ ጥቅሌን ከጣሪያው ላይ ገና እያስወረድኩ ሳለ አንዲት ባልቴት ከኋላዬ መጥተው ተጠመጠሙብኝ። ማን እንደሆኑ ለማየት ዞር ልበል ብል እጃቸው አልላቀቅ አለኝ። ያለቅሱ ነበር። በኋላ ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ደጋግመው አዩኝና፣

«ተነሳሽ? በእግርሽ ቆምሽ?» አሉኝ። «ስሙ ይባረክ! እኛ እኮ ተስፋ ቆርጠን ነበር።»

አወቅኋቸው። እዚያው ወናጎ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት መሪ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ለመዘምራናቸው ልብስ ስሰፋ፣ ለልኬት ስመላለስ፣ ቤታቸው አስገብተው ቆጮ በጎመን አብልተውኛል። ከሌላ ሰው ጋር አላምታቱኝም፤ ስሜን እየጠሩ ነበር የሚያለቅሱት።

«ምን ሆኜ ነው እማማ ተስፋ የቆረጣችሁብኝ?»

«ኩላሊትሽ ነዋ! ሁለቱም ሥራ አቆሙ አይደል እንዴ ያሉት?»

ሳቅኩ። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን ሳቄን እንደ ጤና ምልክት ቆጠሩት። እጄን ይዘው ከገበያው ጀርባ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። በሩ አጠገብ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ከጸሎት ፕሮግራሙና ከሠርግ ጥሪው መሃል፣ በባለ ቀለም የታተመ ወረቀት ላይ፣ እኔ ተኝቻለሁ። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፣ ዓይኔ ተከድኗል፣ ትከሻዬ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሹራብ ተደርቧል። ከሥሩ ስሜ ከነአባቴ ስም፣ የሱቄ ስምም ጭምር ተጽፏል። «የመዘምራንን ልብስ እየሰፋች ጌታን ስታገለግል የኖረችው እህታችን ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ በማቆማቸው…» ይላል። መጨረሻው ላይ የማላውቀው ስልክ ቁጥርና ሰምቼው በማላውቀው ወንድ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ።

«እሑድ በጉባኤ ተነበበ» አሉኝ ባልቴቷ። «ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። የሌለው እንኳ እሸት ቡናውን ሸጦ አመጣ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ሦስት ቀን ጾምን። ውሃ ሳንቀምስ! ይኸው ቆመሽ አየሁሽ።»

በዚህ መሃል ሌሎች ሴቶችም መጡ። አንዷ ለሌላዋ ነገረች፤ ግቢው ሞላ። እልል አሉ። የምስጋና መዝሙር ጀመሩ፤ ባልቴቷ እጄን ከፍ አድርገው ይዘው አብረው ይዘምራሉ። ያኔ «አልታመምኩም፤ ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብቻ አልኩና ያመጣሁትን ልብስ አስረክቤ፣ ወረቀቱን ከሰሌዳው ገንጥዬ በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ያ ዝምታዬ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ሹራቡ የማን እንደሆነ ገና ሳየው ነው ያወቅኩት።

የጓደኛዬ ነበር። ጓደኛዬ ስል የምትመጣና የምትሄድ ጓደኛ ማለቴ አይደለም። ዲላ ከመጣሁ በኋላ ያገኘኋት፣ በአንድ ኳየር ጎን ለጎን ቆመን አሥር ዓመት ያህል የዘመርን፣ እሷ «እህቴ» ስትለኝ ሰው በእናት የምንገናኝ የሚመስለው ጓደኛዬ ናት። እኔ ከወናጎ ገጠር የመጣሁ ነኝ። አማርኛ ትምህርት ቤት ነው የለመድኩት፤ ዛሬም ስቸኩል ወንዱን «አንቺ» ሴቷን «አንተ» እላለሁ። በዚህ ብዙ ተስቆብኛልና ከሰው ፊት መናገር አልወድም። መቀስና የስፌት መኪና ስጡኝ እንጂ ወሬ አትስጡኝ። እሷ ደግሞ ተቃራኒዬ ናት። አንደበቷ እንደ ማር ነው፤ ጸሐፊነት ተምራ መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር።

የልብስ ሥራው ሲሰፋ፣ የየአጥቢያው ኳየር አንድ ዓይነት ልብስ ማሰፋት ሲጀምር፣ ሥራዋን ትታ ከእኔ ጋር ገባች። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። እሷ ትናገራለች። ዋጋ የምትነጋገረው፣ ሽማግሌዎችን የምታሳምነው፣ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። ፌስቡክ የሁሉም እጅ በገባበት ሰሞን የሱቁን ገጽ የከፈተችውም እሷ ናት። የሰፋሁትን ልብስ ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች፤ ከይርጋጨፌም ከኮንጋም ሰው አይቶ ይደውላል። የሚስጥር ቁጥሩን ጠይቄያት አላውቅም። ምን ላደርገው? አፌ እሷ ነበረች።

ያ ፎቶ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ትርፍ አንጀቴን ቀዶ ሕክምና ባደረግኩ ጊዜ የተነሳ ነው። ሆስፒታል አልጋዬ ሥር ተቀምጣ አስታመመችኝ። በረደኝ ስላት ሹራቧን አውልቃ ደረበችልኝ። ስነቃ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ስትድኚ አይተሽ እንድትስቂ ነዋ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፎቶውን አሳይታኝ አታውቅም፤ እኔም ረስቼው ነበር።

ከወናጎ ዲላ መንገዱ አጭር ነው። ያን ቀን ግን ሚኒባሱ ውስጥ ስንት ምክንያት እንደፈጠርኩላት! ስልኳ ተሰርቆ ይሆናል። ፎቶውን ለሰው ልካው ያ ሰው ይሆናል ያወጣው። መጨረሻ ላይ የሚያጽናናኝን ሰው አገኘሁ። ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ስልክ የሚጠግንና ሚሞሪ ላይ መዝሙርና ፊልም የሚጭን ጎልማሳ አለ። ወላጆቹ ከሰሜን ለንግድ መጥተው ዲላ የቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። ከወር በፊት ስልኬን መዝሙር እንዲጭንልኝ ትቼለት ነበር። እሱ ነው፤ ከስልኬ ላይ ፎቶ ወስዶ ሸጦብኛል አልኩ። ከሚኒባስ እንደወረድኩ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። ደንበኞች ተደርድረው ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩበት። ሌባ አልኩት። አልደግመውም እንጂ ሌላም ብዙ ተናገርኩ።

ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀኝ። ወረቀቱን አንስቶ አነበበው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ይሄ ፎቶ በአንቺ ስልክ ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ እኔ የጫንኩት ያንቺ ስልክ ላይ ነው። ፎቶው በማን ስልክ ነበረ?»

ደንበኞቹ እኔን ያዩኛል። እሱ ራሱ መልሱን ሲደርስበት ከዓይኑ አየሁ፤ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሱቃችን አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ከዚያ የራሱን ስልክ አወጣ።

«ቁጥሩን በእኔ ስልክ ደውይበት» አለኝ። «እዚሁ ቁሚና ደውይ።»

ደወልኩ፤ እሱ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር የሱቃችን ውስጥ ይታየኛል። ጓደኛዬ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እጄ ላይ ስልኩ ሲጠራ እሷ ቀና አለች። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ፣ አይቼው የማላውቀውን ትንሽ ስልክ አወጣች።

«ሃሎ? ጌታ ይባርክዎት» አለች። ድምፅዋን ዝቅ፣ ሐዘንተኛ አድርጋዋለች። «አዎ፣ እህቷ ነኝ። ዛሬ ትንሽ ይሻላታል። ጸልዩላት፣ አደራ። ሃሎ? ማን ልበል?»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ እያየሁ ድምፅዋን በጆሮዬ ሰማሁ። ስልኩን ለባለቤቱ መለስኩና መንገዱን ተሻገርኩ። ቀስ ብዬ ነው የተሻገርኩት፤ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አጠገቤ ሲያልፍ ትዝ ይለኛል።

ስገባ ትንሹ ስልክ ገና እጇ ላይ ነበር። ወረቀቱን ከፊቷ ዘርግቼ ቆምኩ። አየችው። መጀመሪያ ያለችኝ ነገር ይህ ነው፦

«ወናጎ ደረሰ እንዴ?»

ይቅርታ አላለችም፤ አላለቀሰችም። ወናጎ መድረሱ ነው የገረማት። ወረቀቱን ይርጋጨፌና ኮንጋ ብቻ ልካው ኖሯል፤ ወናጎ የወሰደው ሌላ ደግ ሰው ነው።

ቁጭ አልኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ነገረችኝ። ስምንት ወር ሙሉ በፌስቡክ ከአንድ ሰው ጋር ስትጻጻፍ ቆይታለች። ውጭ አገር የሚኖር፣ መርከብ ላይ የሚሠራ ኢንጂነር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጌታን የሚፈራ። ጠዋት ጠዋት ጥቅስ ይልክላታል። በእኛ ሱቅ ቁጭ ብላ ስልኳን እያየች ፈገግ ስትል ስንት ጊዜ አይቻት «መዝሙር ነው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ! «መዝሙር ነው» ትለኝ ነበር። ሰውየው ሊያገባት እንደሚመጣ ነገራት። ከመምጣቱ በፊት ስጦታ በካርቶን ላከላት። ከዚያ ዕቃው ጉምሩክ ተይዟል፣ ቀረጥ ይከፈል የሚል ሰው አዲስ አበባ ነኝ ብሎ ደወለላት። ከፈለች። ቅጣት አለበት አሏት፤ ከፈለች። የጆሮ ወርቋ ሄደ። ኳየሩ ለአዲስ መሣሪያ ያጠራቀመውና እሷ ጋ በአደራ የተቀመጠው ሄደ። እሱም አልበቃ አለ።

«ካርቶኑ ውስጥ ላንቺም አለበት እኮ» አለችኝ እጄን ልትይዝ እየዘረጋች። «የጥልፍ መኪና ልኮልሻል። በኮምፒውተር የሚሠራ። ስላንቺ ሁሌ እነግረው ነበር።»

«ለምን በራስሽ ስም አላደረግሽውም?» አልኳት። ከሁሉ በፊት እሱን ነው ማወቅ የፈለግኩት። «ታመምኩ ብለሽ የራስሽን ፎቶ ለምን አለጠፍሽም?»

«ለእኔ ማን ያለቅሳል?» አለች። «አንቺን ሰው ይወድሻል። ዝም የምትል ሰው ይወደዳል።»

«ይሄ የባንክ ሒሳብስ? የማን ነው?»

«የወኪሉ ነው። ዕቃውን የሚያስወጣልኝ። ሰው የሰጠው በቀጥታ ለእሱ ነው የሚገባው። እኔ አንድ ብር በእጄ አልነካሁም፣ ስለ እውነት!»

ይህን ስትል ነጻ የሚያወጣት ነገር የተናገረች መሰላት። እኔ ደግሞ የሰማሁት፣ የወናጎና የኮንጋ ሰው እሸት ቡናውን ሸጦ ያመጣው ሁሉ ፊቱን አይተነው ለማናውቅ ሰው እንደገባ ነው።

«ዕቃ የለም» አልኳት።

«አለ!»

«ድምፁን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«መርከብ ላይ ኔትወርክ የለም።»

«ጥቅስ ሲልክስ ኔትወርኩ ከየት ይመጣል?»

«አንቺ አታውቂውም!» ብላ ጮኸችብኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፅዋን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም። ከዚያ ግን ወዲያው ተንበረከከች። እስከ እሑድ ድረስ ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ። ዕቃው በሳምንቱ መጨረሻ ይወጣል፣ ሸጣ ሁሉንም ትመልሳለች፣ ኮንጋም ይርጋጨፌም ራሷ ሄዳ ትናዘዛለች። ጉልበቴን ይዛ ስታለቅስ ሆስፒታል ያስታመመችኝ ትዝ አለኝና እስከ እሑድ ሰጠኋት።

ከዚያ ሁሉ ክፉኛ የጎዳኝ ይህ ነው፤ ያን ጊዜ መስጠቴ። ሐሙስ ቀን ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጥሪ መጣልኝ። ስሄድ እሷ ቀድማኝ ተቀምጣለች። ሁለት ቀን ቀደም ብላ ሄዳ ነግራቸዋለች። የነገረቻቸው ግን ሌላ ነው። ወረቀቱን ሁለታችን ተማክረን እንዳወጣነው፣ ሱቁ ኪራይ ስላጎበጠው እንደሆነ፣ ኋላ ላይ ኅሊናዋ ሲወቅሳት እኔ እንደከለከልኳት ተናግራለች። የሱቁን ገጽም ዘግታዋለች፤ ልብሱም፣ ደንበኞች የጻፉልንም ሁሉ ጠፋ።

ዋናው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወናጎ ሄደሽ ሴቶቹ ስለ መዳንሽ ሲዘምሩ ‹ተመስገን› ብለሽ ወጥተሻል ይባላል። እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው አባባ፤ ግን…»

ከዚያ ወዲያ ያለውን መናገር አቃተኝ። ጀመርኩ፣ ተደነቃቀፍኩ፣ «እሱ ነች» አልኩ «እሷ ነው» አልኩ። እሷ ደግሞ ትናገራለች፤ ያን ለእኔ ስትናገርበት የኖረችበትን አንደበት በእኔ ላይ አዞረችው። ፊታቸውን ሳይ ግማሾቹ አምነዋታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የቡሌ ጌዴኦ ናቸው፣ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

«ልጄ፣ በጌዴኡፋ ተናገሪ» አሉኝ። «አትቸኩይ።»

በእናቴ ቋንቋ ነገርኳቸው። ከሹራቡ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስጨርስ «ምስክር አለሽ?» አሉኝ። ያለኝ ምስክር አንድ ነው፤ እሱም በሰው ፊት ሌባ ብዬ የሰደብኩት ሰው ነው። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሰው ተልኮ ሲጠራ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ወንበር ሰጡት፤ ሳይቀመጥ ቆሞ ተናገረ።

«እሷ ሰድባኛለች፤ አልረሳሁትም» አለ። «ግን ያየሁትን እናገራለሁ። ስልኩ ከእኔ ስልክ ተደውሏል፣ ሰዓቱም ይኸው አለ። ያነሳችው ይህች ናት። ‹እህቷ ነኝ› ስትል ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርና እኔም ሰምቻለሁ። ይህችኛዋ ስልኩን መልሳልኝ ቀስ ብላ ተሻገረች። ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።»

ስልኩን ለሽማግሌዎቹ አሳይቶ ወጣ። ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። «እሷ አላወቀችም» አለች። ወደ እኔ ግን አላየችም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ ቃላችንን ሰጠን። «ወኪል» የተባለው ሰው ስልክ ተዘግቷል። የሒሳቡ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ሰው ተፈለገ፤ አልተገኘም። ያ ኢንጂነርም ከፌስቡክ ላይ እንዳልነበረ ሆነ። ዕቃ እንደሌለ ያመነችው ያን ጊዜ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የጠፋውን ገጽ ደጋግማ ስትከፍት አየኋት። አጠገቧ ሄጄ መቀመጥ አማረኝ፤ እግሬ ግን እሺ አላለኝም።

ከዚያ የእኔ ጉዞ ተጀመረ። ወረቀቱ ወደደረሰበት አጥቢያ ሁሉ ራሴ ሄጄ፣ በጉባኤ ፊት ቆሜ፣ አልታመምኩም ብዬ መናገር ነበረብኝ። መናገር የማትወድ ሰው! የመጀመሪያው ወናጎ ነበር። ተናግሬ ጨረስኩ። ባልቴቷ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ።

«ታዲያ ያን ሰሞን ማን ነበር የታመመው?» አሉኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። «ሦስት ቀን የጾምነው ለማን ነው?»

ገንዘብ ቢሆን ተበድሬም ቢሆን እመልሳለሁ። ጾማቸውን በምን ልመልሰው? ከጉባኤው በኋላ ልስማቸው ስጠጋ ሳሙኝ፤ እንደዚያን ቀን ግን አልጠመጠሙብኝም።

ኮንጋ የባሰ ነበር። ከቡና ማጠቢያ ጣቢያው በላይ ባለችው አጥቢያ ለፋሲካ የሚደርስ ልብስ አዘውኝ ነበር፤ ጨርቁ ተቆርጧል። ተናግሬ ስወጣ አንድ ጎልማሳ ለጓደኛው ጮክ ብሎ፣ «አብረው በልተው በክፍፍል ተጣልተው ነው» አለው። ትእዛዙን ሰረዙት። በዚያ ዓመት ስንቱ እንደሰረዘ አልናገርም። አንዱን መኪና ሸጬ ኪራይ ከፈልኩ። ለወራት በአንድ መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ስጠግን ቆየሁ።

ስልክ የሚጠግነውን ጎረቤቴን ይቅርታ ለመጠየቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጅቶብኛል። ሱቁ ሄጄ ቆምኩ፤ እንደዚያን ቀን ደንበኞች እስኪሞሉ ጠበቅኩ። በሰው ፊት የሰደብኩትን በሰው ፊት ይቅር በለኝ አልኩት።

«በፊትም ሌላ ሰው አልነበረም የሚቀርብሽ፤ እሷን መጠርጠር ከበደሽ» አለኝ። «እኔን መጠርጠር ቀለለሽ። እሱ ነው የከፋኝ።» ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ።

አዲስ ገጽ እንድከፍት ያስተማረኝ እሱ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ስሞላ ፊቱን አዞረ። «ለእኔም አታሳይ» አለኝ። እሱም እንደ እኔ ሴቷን «አንተ» ማለቱ አሳቀኝ፤ ለካ ሊያስቀኝ ብሎ ነው። ቀብድ የምቀበለው ሱቄ ለመጣ ሰው፣ በደረሰኝ ብቻ ሆነ። ገጹ ላይ «በስሜ እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ለእኔ ሳትደውሉ፣ ድምፄን ሳትሰሙ ምንም አታድርጉ» ብዬ ጻፍኩ። ከሩቅ የሚያዝ ኳየር ካለ መሪውን በአካል ሳላገኝ ጨርቅ አልቆርጥም። ስልኬን ለማንም አላውስም።

ይህ ሁሉ ሱቄን ጠብቆልኛል፤ አልክድም። ደንበኞቼም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ከኮንጋም ጭምር። ግን ሌላም ነገር አድርጎብኛል። ታናሽ ወንድሜ ከሐዋሳ ስልኩ ተሰብሮበት በሰው ስልክ «ታምሜያለሁ፣ ላኪልኝ» ብሎ ሲደውል፣ ድምፁን እየሰማሁ አባታችን የሞቱበትን ቦታ ጠየቅኩት። መለሰልኝ። «እህቴ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለኝ። ላክሁለት። ታሞ ነበር፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ሲቸገር ለእኔ ሳይሆን ለታላቃችን ነው የሚደውለው።

ጓደኛዬ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠየቀች። የኳየሩን አደራ ዘመዶቿ ተረባርበው መለሱ። ከዚያ ዲላን ለቃ ይርጋጨፌ አክስቷ ጋ ገባች። ለብዙ ዓመት አላየኋትም። አንድ ሁለት ጊዜ ሰው ሰላምታዋን አምጥቶልኝ «እሺ» ብቻ ብያለሁ።

እናቴ ስትሞት ወናጎ ገጠር ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጣች። ከስታለች። ማንንም ሳታነጋግር ወደ ጓዳ ገባች። ሦስት ቀን ሙሉ ዕቃ አጠበች፣ ውሃ ቀዳች፣ ለለቅሶተኛው ቆጮ አቀረበች። እህቶቼ ማንነቷን አውቀው እኔን እያዩ ምን እንደሚያደርጓት እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። «ምንም» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ልትሄድ ስትል መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እናትሽን እወዳቸው ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። እውነት ነው፤ እናቴም ትወዳት ነበር። እስክትሞት ድረስ «ያቺ ልጅ የት ደረሰች?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ ነገሩን ግን አልነገርኳትም።

ትንሽ ቆማ ጠበቀች። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ቢያንስ እስከ ግቢው አጥር ይሸኙታል። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ታላቅ እህቴ ተነስታ ሸኘቻት፤ ዋናው መንገድ ድረስ ወስዳ ሚኒባስ አሳፈረቻት። ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠችና፣

«መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ነበር» አለችኝ።

«ለእማዬ ነው?»

«አልጠየቅኳትም» አለች እህቴ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደሚገቡት ለቅሶተኞች ዞረች።